የአፈሩ ካርቦን-13 ከበቆሎውም በላይ ሲሆን
ጫካ ተመንጥሮ በቆሎ ከተዘራበት አፈር ውስጥ ስንቱ ካርቦን ከበቆሎው እንደመጣ ማወቅ ፈልገን ነበር። መለኪያችን ዴልታ ካርቦን-13 ነው፤ ከባዱ የካርቦን ዓይነት፣ ካርቦን-13፣ ከአንድ የጋራ ማመሳከሪያ አንጻር በሺህ ስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ያሳያል። የዛፍ በሺህ -27 አካባቢ ነው፤ የበቆሎ -12 ገደማ። አፈሩ በሁለቱ መካከል መውደቅ አለበት። የታችኛው ንብርብር ግን -8 አሳየ። በቆሎ ብቻውን እንኳ እዚያ አያደርስም!

የሚለካው ማሽን ጤነኛ ነው፤ የማመሳከሪያ ናሙናዎቹ ልክ ነበሩ። ከደረቁ አፈር ቆንጥሬ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አደረግኩበት። ወዲያው አረፋ ደፈቀ። ኖራ አለው ማለት ነው። የኖራ ካርቦን ወደ 0 ስለሚጠጋ ውጤቱን ሽቅብ ይጎትታል።

መፍትሔው ኖራውን በአሲድ ትነት ማስወገድ ነው። የተመዘነውን አፈር በብር ካፕሱል አድርጌ በጥቂት ውሃ አራስኩት። ከዚያ ግጥም ብሎ በሚዘጋ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ካልተበረዘ አሲድ ጋር አሳደርኩት፤ ትነቱ አደገኛ ስለሆነ ጭስ መሳቢያው ውስጥ። የቲን ካፕሱል እዚህ ጋ አይሆንም፣ አሲዱ ይበላዋል። በአሲድ ማጠብም ይቻላል፤ ግን የሚሟሟው የአፈር ካርቦን አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ትነቱን እመርጣለሁ።

በ60 ዲግሪ አድርቄ፣ በደንብ እንዲቃጠል ብሩን በቲን ጠቀለልኩት። አዲሱ ንባብ -22.5 ሆነ። በጎን ካለው ጫካ፣ ከዚያው ጥልቀት የተወሰደውና እንዲሁ በአሲድ የታከመው አፈር -26 ነው። ከጫካው -26 እስከ በቆሎው -12 ያለው ርቀት 14 ነው፤ አፈራችን ከዚያ ውስጥ 3.5 ተጉዟል። ስለዚህ ከካርቦኑ ሩብ ያህሉ የበቆሎው ነው።