የማይክሮፕሮሰሰር ፕሮግራምን፣ ኢንተርፌሲንግንና ብልሽት ፍለጋን በኮሌጅ እንዴት መማር ይቻላል

የማይክሮፕሮሰሰር ትምህርት ሲሰጥ ፕሮግራም መጻፍ፣ ከውጭ ዕቃዎች ጋር ማገናኘት (ኢንተርፌሲንግ) እና ብልሽት መፈለግ ብዙውን ጊዜ ተራ በተራ የሚመጡ ምዕራፎች ናቸው። ሥራው ላይ ግን አይነጣጠሉም፤ አንድ መብራት አልበራ ሲል ጥፋቱ ከትእዛዙ ይሁን ከሽቦው ወይም ከቺፑ፣ ለክቶ ከማረጋገጥ በቀር ማወቂያ የለውም። ስለዚህ ሦስቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ በአንድ ቦርድ ላይ አብሮ መለማመድ ይበጃል። እዚህ ለምሳሌ የተወሰደው ባለ 8 ቢቱ ኢንቴል 8085 ነው፤ ውስጡ ያልተወሳሰበ በመሆኑ የሚሠራውን ሁሉ በወረቀት መከታተል ይቻላል። ኮሌጅዎ 8086ን ወይም ሌላ ፕሮሰሰር ቢጠቀም ቁጥሮቹ ይለያያሉ እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

ወደ ላቦራቶሪ ከመግባትዎ በፊት ባይነሪን (በ0ና በ1 ብቻ የሚጻፈውን ቁጥር) እና ሄክሳዴሲማልን (በ16 ምልክቶች የሚጻፈውን) እንደ ፊደል እስኪያነቡ ድረስ ይለማመዱ። በሄክሳዴሲማል 55 የተባለውን ሲያዩ 01010101 ወዲያው ሊታይዎት ይገባል፤ ይህ ካልሆነ በኋላ ፖርት (ከውጭ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘው የፒኖች ስብስብ) ላይ የሚለኩትን ቮልቴጅ ከጻፉት ትእዛዝ ጋር ማዛመድ ይከብድዎታል። ከዚያም ዳታሺቱን (የቺፑን ዝርዝር የያዘውን የአምራቹን ሰነድ) ከፍተው የ40ዎቹን ፒኖች ሥዕል በእጅዎ ይሣሉ። 16ቱ የአድራሻ መስመሮች 65,536 የሜሞሪ ቦታዎችን ይለያሉ፤ ከእነርሱም የታችኞቹ 8 ፒኖቻቸውን ከዳታ መስመሮች ጋር ይጋራሉ። አድራሻውን ከዳታው ለመለየት ኤኤልኢ የሚባለው ምልክት ከፍ ባለበት ጊዜ አድራሻው እንደ 74373 ባለ ላች (የገባለትን ዋጋ ይዞ የሚያቆይ ቺፕ) ላይ ይያዛል። ይህን የሚያሳየውን የዳታሺቱን የጊዜ ሥዕል ሳይረዱ ማለፍ አይገባም፤ ከኢንተርፌሲንግ የሚበዛው ችግር የሚነሳው ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ፕሮግራምዎ አጭር ይሁን። ፖርት መቆጣጠሪያው 8255 ከሆነ፣ 80ን ወደ አኩሙሌተር (የፕሮሰሰሩ ዋና ሬጅስተር፣ ማለትም ጊዜያዊ የቁጥር መያዣ) ማስገባት፣ ወደ መቆጣጠሪያ ሬጅስተሩ መላክ፣ 55ን ማስገባት፣ ወደ ፖርት ኤ መላክ፣ ከዚያም መቆም፤ አምስት ትእዛዞች ብቻ፣ በ9 ባይት። በሄክሳዴሲማል 80 ሦስቱንም ፖርቶች ውጤት አውጪ ያደርጋቸዋል። ከማስኬድዎ በፊት ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ በአኩሙሌተሩና በፖርቱ ላይ ምን እንደሚገኝ በሰንጠረዥ ይጻፉ፤ ቀጥሎ አንድ በአንድ እያስኬዱ ያስተያዩ። ሲሙሌተር (ፕሮሰሰሩን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ነገር ግን የላላ ሽቦና የተሳሳተ ቮልቴጅ በሲሙሌተር ውስጥ ስለማይኖሩ ቦርዱን አይተካም።

መብራቱን ማብራትና ማጥፋት ሲጀምሩ የጊዜ ሂሳብ ይመጣል። አንድ ሬጅስተር ከ255 ጀምሮ እስከ ዜሮ ቢቀነስ፣ መቀነሱ 4፣ ተመልሶ መዝለሉ 10 የክሎክ (የፕሮሰሰሩን እርምጃ የሚመራው ተደጋጋሚ ምልክት) ምት ስለሚወስድ፣ በ3.072 ሜጋኸርዝ ክሎክ ጠቅላላ መዘግየቱ ከ1.2 ሚሊሰከንድ በታች ነው። በዚህ ፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ መብራት ለዓይን ሳያቋርጥ የበራ ይመስላል፤ ብዙ ተማሪም ፕሮግራሙ ተሳስቷል ብሎ ትክክለኛውን ኮድ ማፍረስ ይጀምራል። መፍትሔው አንዱን ዙር በሌላው ዙር ውስጥ ማስገባት ነው።

ኢንተርፌሲንግ ላይ ሁልጊዜ የሚቀድመው የከረንት ሂሳብ ነው። አንድ ኤልኢዲ በደንብ እንዲበራ 10 ሚሊአምፔር ገደማ ይፈልጋል፤ የ8255 ፒን ግን ይህን ያህል አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይሰጥም። በመካከል ዩኤልኤን 2803 የተባለውን ድራይቨር (ከረንት የሚያጎለብት ቺፕ) ያስገቡ። ከ5 ቮልት ላይ ኤልኢዲው 2፣ ድራይቨሩም 1 ቮልት ያህል ይወስዳሉ፤ የቀረውን 2 ቮልት ለ220 ኦም ሬዚስተር ሲያካፍሉት 9 ሚሊአምፔር ይመጣል። ማብሪያ ቁልፍ ሲያገናኙ ደግሞ ፒኑ ባዶ እንዳይንሳፈፍ በ10 ኪሎኦም ወደ 5 ቮልት ይሳቡት፤ የቁልፉ ብረት ሲነካካ ስለሚነጥር ፕሮግራሙ ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ቆይቶ እንደገና እንዲያነበው ያድርጉ።

ቦርዱ ዝም ሲል ቺፕ ለመቀየር አይቸኩሉ። መልቲሜትሩን በራሱ በቺፑ ፒን ላይ አስቀምጠው ኃይሉን ይለኩ፤ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። በየቺፑ አጠገብ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር መኖሩንም ይመልከቱ። ቀጥሎ ክሎኩ መኖሩን በኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ለውጥ በሥዕል በሚያሳየው መሣሪያ) ይዩ፤ የክሪስታሉ ፍሪኩዌንሲ በውስጥ ለሁለት ስለሚካፈል፣ 6.144 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ካለዎት በክሎክ መውጫው የሚጠብቁት 3.072 ነው። ከዚያም የሪሴት መግቢያውና ሬዲ (ሜሞሪው ዝግጁ መሆኑን የሚነግረው) ከፍ፣ ሆልድ (መስመሮቹን ልቀቅ የሚለው) ደግሞ ዝቅ ማለታቸውን ያረጋግጡ። ከነዚህ አንዱ ብቻ ቢዛባ ጤነኛ ፕሮሰሰር ሞቶ ይታያል።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ከብልሽት ፍለጋ ዘዴዎች ሁሉ የላቀ ትምህርት የሚሰጠውን ይሞክሩ። ኃይሉን አጥፍተው በዳታ ባስ (በዳታ መስመሮቹ) ላይ ያሉትን ሜሞሪና ሌሎች ቺፖች ከሶኬታቸው ያውጡ፤ 8ቱን የዳታ መስመሮች እያንዳንዳቸውን በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ያስሩ። ፕሮሰሰሩ አሁን የሚያነበው 00ን ብቻ ነው፤ ይህም ምንም አትሥራ የሚለው ትእዛዝ በመሆኑ አድራሻውን ያለማቋረጥ ይቆጥራል። በ3.072 ሜጋኸርዝ ክሎክ ኤ8 በሚባለው የአድራሻ መስመር ላይ 1,500 ኸርዝ፣ ኤ9 ላይ 750፣ ኤ10 ላይ 375 እያለ በየፒኑ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ኤ15 ላይ ሲደርሱ 12 ኸርዝ ገደማ ያገኛሉ። አንዱ መስመር ከጎረቤቱ ጋር ተመሳሳይ ምልክት ካሳየ ወይም በከፍታና በዝቅታ መካከል ከተንጠለጠለ፣ ሁለቱ ተነካክተዋል። ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ኃይሉን አጥፍተው ከግራውንድ ወይም ከ5 ቮልት ጋር መገናኘቱን በመልቲሜትር ይፈትሹ። ቆጠራው ትክክል ከሆነ ሬዚስተሮቹን ፈትተው ቺፖቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ይሞክሩ፤ ቦርዱ ዝም ያለው የትኛው ሲገባ እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል።

እየለመዱ ሲሄዱ የላቦራቶሪ ጓደኛዎ በሚሠራው ቦርድዎ ላይ እርስዎ ሳያዩ አንድ ሽቦ እንዲነቅልልዎት ወይም አንድ ባይት እንዲቀይርልዎት ይጠይቁ። ሲፈልጉ በደብተርዎ ላይ የጠበቁትን ቮልቴጅና ያገኙትን ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ፈልገው ካገኙ በኋላም ተራ ተቀይራችሁ እርስዎ ያበላሹለት።