ጭቃን የሚያስቀር የግቢ ንጣፍ፦ በቀይ አፈርና በዋልካ ላይ እንዴት ይሠራል?

ከግቢ በር እስከ ቤት፣ ከቤት እስከ ማድቤትና ጓሮ የሚወስደውን መንገድ ድንጋይ ለማንጠፍ ትዕግሥት እንጂ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። አብዛኛው ሰው ገንዘቡን ለድንጋዩ ያወጣና ከሥሩ ላለው ሥራ ይቸኩላል። ንጣፍ ግን የሚበላሸው ከሥር ነው፤ የሚያበላሸውም ውሃ ነው። ሥራውን ከጥምቀት በኋላ ጀምራችሁ ግንቦት ሳያልቅ ጨርሱ።

መጀመሪያ አፈራችሁን እወቁ። በእንጅባራና በዳንግላ በኩል የሚበዛው ቀይ አፈር ውሃ ስለሚያሳልፍ 30 ሳ.ሜ. መቆፈር ይበቃዋል። በቢቸና በኩል የሚበዛው ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ግን በክረምት ውሃ ሲጠጣ አብጦ ድንጋዩን ወደ ላይ ይገፋል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ድንጋዩ ይሰምጣል። መጋቢት ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ 50 ሳ.ሜ. ቆፍሩ። የወጣውን ዋልካ መልሳችሁ አትሙሉበት፤ ለአትክልት መደብ ይሁን።

ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዲሄድበት 1.20 ሜትር፣ ጄሪካን ይዞ ለሚመላለስ ሰው 90 ሳ.ሜ.፣ በጌሾና በጎመን መደብ መካከል ደግሞ 60 ሳ.ሜ. ስፋት ይበቃል። ለ10 ሜትር ርዝመትና ለ1 ሜትር ስፋት፣ መጠባበቂያን ጨምሮ 880 ገደማ ባለ 10 ሳ.ሜ. ኮብልስቶን እና 0.8 ሜትር ኩብ አሸዋ ያስፈልጋል። ለመሠረቱ የሚሆነው ቀይ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ወይም ሰሌክት (ለመሙያ የሚመረጥ ጠጠራማ አፈር) በቀይ አፈር ላይ 2 ሜትር ኩብ፣ በዋልካ ላይ 4.5 ሜትር ኩብ ነው። ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ከጉድጓዱ ልክ በላይ መግዛት ግድ ነው።

ችካል ተክላችሁ ሲባጎ ወጥሩ። ተዳፋቱ በየሜትሩ 2 ሳ.ሜ. ሆኖ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ ይሂድ፤ ይህን ከጉድጓዱ ወለል ጀምራችሁ በውሃልክ ጠብቁ እንጂ በኋላ በአሸዋ ላስተካክል አትበሉ። አሸዋው አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ከሳሳ ንጣፉ በአንድ ክረምት ይሰረጉዳል።

ቀይ አሹን በ10 ሳ.ሜ. ድርብ እያደረጋችሁ፣ በትንሹ ውሃ እየረጫችሁ ጠቅጥቁ። ሁሉንም በአንዴ ሞልቶ ከላይ መደብደብ ላዩን ብቻ ያጠብቃል። በተረከዝ ረግጣችሁት ምልክት ካልያዘ ቀጣዩን ድርብ ጨምሩ።

ከዚያ ጠርዙ ይሠራል። ድንጋይ የሚገፋው ወደ ጎን ስለሆነ ጠርዝ የሌለው ንጣፍ ቀስ በቀስ ይበተናል። በሁለቱም ወገን ትልልቅ ድንጋይ በ1 ሲሚንቶ፣ 3 አሸዋና 6 ጠጠር ኮንክሪት አቁሙ፤ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት።

አሸዋው ከጭቃ የጸዳ መሆኑን ለማወቅ በላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ አሸዋ ጨምሩ፣ ውሃ ሞልታችሁ ናጡት፣ ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። ከላዩ የሚረጋው ጭቃ ከአሸዋው አንድ አሥረኛ ከበለጠ አትግዙት። 5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያላቸውን ሁለት ሞራሌዎች (ባለ አራት ማዕዘን እንጨቶች) አጋድማችሁ አሸዋውን በስታጃ (ቀጥ ባለ ማስተካከያ ዘንግ) አስተካክሉ፤ ከዚያ በኋላ አትርገጡት።

ድንጋዩን ከዝቅተኛው ጫፍ ጀምራችሁ አንጥፉ። በእጅ የተጠረበ ድንጋይ እኩል ስለማይሆን አስቀድማችሁ በመጠን ለዩት። ሰፊው ፊት ወደ ላይ፣ ጠባቡ ወደ ታች ይሁን፤ መካከሉ 1 ሳ.ሜ. ይተው፤ መጋጠሚያዎቹ በአንድ መስመር አይያያዙ። እያንዳንዱን ከሚፈለገው ልክ 1 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጋችሁ በጎማ መዶሻ ምቱት። የሚወዛወዝ ካለ አንስታችሁ ከሥሩ አሸዋ ጨምሩ፤ ከጎኑ ጠጠር መወተፍ ለጊዜው ብቻ ነው። መካከሉን በደረቅ አሸዋ ሙሉት እንጂ በሲሚንቶ አትድፈኑት፤ በተለይ ዋልካ ላይ ይሰነጠቅና ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባል።

የጣራችሁ ውሃ ንጣፉ ላይ እንዳይወርድ አድርጉ። በ50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,000 ሊትር ውሃ ነው፤ በአንድ አሸንዳ ከወረደ አሸዋውን ጠርጎ ይወስደዋል። ቦይ ቀዳችሁ ወደ ጓሮ ምሩት። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናቦች ካለፉ በኋላ መካከሉ ጎድሎ ታገኙታላችሁ፤ ፀሐይ በወጣበት ቀን ደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ እየገፋችሁ እንደገና ሙሉት።