የስልክ ሞዴል የምትመዘግቡ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች ተዋቸው

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አፕ የሚሠሩ ልጆች የሚጽፉትን ሰነድ ሳይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አትጠፋም፦ «አፑ የስልኩን ሞዴል ይመዘግባል»። አለቀ። የቱን ሞዴል? ከየት አንብቦ? አንድሮይድ ላይ የአምራቹ፣ የብራንዱ፣ የሞዴሉ፣ የዲቫይሱና የፕሮዳክቱ ስም ለየብቻ ነው የሚቀመጠው። ሳምሰንግ ኤ12 ብላችሁ ፒያሳ የገዛችሁት ስልክ ሞዴሉ ቦታ ላይ «ኤስኤም-ኤ125ኤፍ» ሊል ይችላል። የትኛውን ቦታ እንደምታነቡ ጻፉ፣ አንድ እውነተኛ ምሳሌም ከጎኑ አስቀምጡ።

እንዲህ ያለውን የሞዴል ኮድ በግምት ወደ ገበያ ስም መተርጎም ሌላው ጣጣ ነው። «አይፎን14,5» የሚል ካያችሁ አይፎን 14 እንዳይመስላችሁ፣ አይፎን 13 ነው። አይፎን 14 ራሱ «አይፎን14,7» ነው የሚባለው፤ ለምን እንዲህ እንደሚያደናግረን አፕል ይወቀው። አብሽሩ፣ መላ አለው። ኮዱን እንዳለ መዝግቡ፣ የገበያ ስሙን በኋላ ከሠንጠረዥ አምጡ፣ ሠንጠረዡ መቼ እንደታደሰም ሰነዱ ላይ ይኑር። ለአንድሮይድ ጉግል ራሱ ሁለቱንም ስም የያዘ ዝርዝር ያወጣል።

ዌብሳይትን እንደ አፕ መቁጠርም አለ። ከክሮም 110 (2023 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድሮይድ ላይ ያለው ክሮም የስልኩን ሞዴል ደብቆ በቦታው «ኬ» የምትል አንዲት ፊደል ለዌብሳይቱ መላክ ጀመረ፣ ስልኩ አንድሮይድ 14 ቢሆንም 10 ነው ይላል። ይሄን ካላሰፈራችሁ አንዱ ተነስቶ ወሎን ያጥለቀለቀው ስልክ «ኬ» ነው ብሎ ሪፖርት ያቀርባል።

ኮምፒውተር ላይ የማይረባ ጽሑፍም ጠብቁ። ተገጣጥሞ የተሸጠ ዴስክቶፕ ሞዴሉ ቦታ ላይ «አምራቹ ይሞላዋል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንዳለ ቀርቶ ታገኛላችሁ። ሌኖቮ ደግሞ ቲንክፓድ የሚለውን የላፕቶፕ ስም የሚያኖረው ሞዴሉ ቦታ ላይ ሳይሆን ቨርዥኑ ቦታ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው «ሞዴል ብቻ ስለሆነ የግል መረጃ አይደለም» ብሎ መጻፍ ነው። ብቻውን ከሆነ እሺ። ከወረዳ ስም ጋር ሲጣመርስ? ደሴ ላይ ውድ አይፎን የያዘ ሰው ሞልቷል፣ ወግዲ ገጠር ውስጥ ግን አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ ሞዴሉን መጻፍ ስሙን መጻፍ ነው፤ ቀበሌው ሁሉ ያውቀዋላ! ጥቂት ሰው ብቻ የያዛቸውን ሞዴሎች «ሌላ» በሚል አንድ ላይ ደምሩ፣ ከስንት ሰው በታች ሲሆን እንደምትደምሩም ቁጥሩን ጻፉ። ሴሪያሉንና አይኤምኢአዩን (እያንዳንዱን ስልክ ከሌላው የሚለዩትን ቁጥሮች) ግን ጭራሽ አትንኩ፤ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ተራ አፕ ሊያነባቸውም አይችልም።