ኮሽ የሚል የሥጋ ሳምቡሳ በቤት እንዴት ይሠራል

ደሴ አመሻሽ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍን፣ በብርዱ መሃል የሚጣራ ሽታ አለ፤ የሽንኩርትና የትኩስ ዘይት ሽታ። ረመዳን ከሆነማ አይጠየቅም። ከመግሪብ በፊት መንገድ ዳር መጥበሻ ይደረደራል፤ ተምሩ፣ ሾርባው፣ ከዚያ ሳምቡሳው።

ዱቄት ከመንካታችሁ በፊት ጥሩ ሳምቡሳ ብሉ። ካልቀመሳችሁት ምን እንደምትፈልጉ አታውቁም። ተጠብሶ ከተደረደረው ሳይሆን አሁን ከዘይት ከሚወጣው ግዙ። ዘይቱ ጠቁሮ የሚጨስ ከሆነ እለፉ። «የሥጋ ነው የምስር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሥጋ ከሆነ «የሙስሊም ነው የክርስቲያን?» ማለት ወሎ ውስጥ ነውር አይደለም፤ ሻጯም ሳትቀየም ትመልሳለች።

ሳምቡሳ ስሙን ያገኘው ከፋርስ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂ የነበረው ተጓዥ ኢብን ባቱታ፣ በሱልጣኑ ማዕድ ላይ የተከተፈ ሥጋ፣ ለውዝ መሰል ፍሬዎችና ሽንኩርት ተሞልቶ የተጠበሰ ሳምቡሳ እንደሚቀርብ ጽፏል። እንግሊዞችም በኮርንዎል ሥጋና ድንች የታጨቀበት የእጅ ምግብ አላቸው፤ ስሙ ፓስቲ ነው። የእኛ ፓስቲ ግን ሥጋ የሚባል አያውቅም።

ወደ ሥራው። ለ40 ገደማ ሳምቡሳ ግማሽ ኪሎ ቀይ የተፈጨ ሥጋ፣ ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 3 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 3 ቃሪያ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ ጨውና መጥበሻ ዘይት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ሥጋው። ያለ ዘይት፣ በደረቅ መጥበሻ ጣዱት። ውሃ ያወጣል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። ውሃው ጠፍቶ ሥጋው እስኪበታተንና ጭርር እስኪል አማስሉት። ከዚያ ደቆ የተከተፈውን ቀይ ሽንኩርት ጨምሩ። እሱም ውሃ አለው፤ እሱም ይድረቅ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቅመሙና ጨው ይከተላሉ። ቃሪያውን ካወረዳችሁ በኋላ ቀላቅሉት። በትሪ ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙት፤ ትኩስ ሥጋ በእንፋሎቱ ሊጡን ያላላዋል።

እኔ የመጀመሪያ ቀን ይህን አላወቅሁም። ሳምቡሳዬ ዘይት ውስጥ ፈነዳ፤ ሥጋው ለብቻው ይዋኛል፣ ሊጡ ለብቻው። ጎረቤታችን የሆኑ እናት አይተው ሳቁና «አብሽሪ ልጄ፣ ሥጋሽ ገና ወጥ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የሳምቡሳ ጠላት ነው ብዬ ይዣለሁ።

ሊጡ። ዱቄቱን በትንሽ ጨው፣ በ2 ማንኪያ ዘይትና ለብ ባለ ውሃ አቡኩት። ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ፤ ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ይበል። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ደሴ ላይ በብርዱ ይጠጥርባችኋል፣ ስለዚህ ምድጃው አጠገብ አስቀምጡት። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ችግሩ ሌላ ነው፤ ላዩ ቶሎ ቅርፊት ያወጣል፣ ጨርቁን ደግማችሁ አርጥቡት።

10 ቦታ ድቡልቡል አድርጉት። ሁለቱን በሻይ ስኒ ማስቀመጫ ልክ ዳምጡ። የአንዱን ፊት ዘይት ቀብታችሁ ዱቄት ነስንሱበት፣ ሌላውን ደርቡበትና ሁለቱን አንድ ላይ እስኪሳሱ ዳምጡ፤ ትልቅ ሳህን ያህል ይስፉ። መለስተኛ ሙቀት ባለው ምጣድ ላይ እያገላበጣችሁ ጥቂት ሰከንድ ብቻ አቆዩት። ነጣ ይበል እንጂ አይቅላ። ሳይቀዘቅዝ ሁለቱን ለያዩ፤ በመሃል ያለው ዘይት እንዲላቀቁ ያደርጋል። እያንዳንዱን ለ4 ቁረጡት።

አጠቃለሉ ቀላል ነው፤ ቆሎ የሚሸጥበትን የወረቀት ጥቅል አስቡ። ሁለቱን ቀጥ ያሉ ጠርዞች አደራርባችሁ በዱቄትና በውሃ በተሠራ ሙጫ አጣብቁ። ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙሉት። አፉን በሙጫው ዝጉት። የታችኛውን ጫፍ ጠበቅ አድርጋችሁ ቆንጥጡት፤ ዘይት የሚገባው በእሱ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እርጥበቱ ከሊጡ ቶሎ ስለሚወጣ በኃይለኛ እሳት ውጪው ተሸቀዳድሞ ይቀላል። ስለዚህ መካከለኛ እሳት። ቁራሽ ሊጥ ጣል አድርጉ፤ ጥቂት ቆይቶ አረፋ እያወጣ ከተንሳፈፈ ዘይቱ ደርሷል፣ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱን ቀንሱ። በአንዴ 5 ወይም 6 ብቻ ክተቱ። ከበዛ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ሳምቡሳው ይመጠዋል። እያገላበጣችሁ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይበቃዋል።

ስታወጡት ወንፊት ላይ አቁሙት። አትከምሩት፣ አትክደኑት፤ ያ ሁሉ ልፋት በእንፋሎት ይለሰልሳል።

ትንሽ ታግሳችሁ ጫፉን ግመጡ፣ እንፋሎቱ ይውጣ፣ ሎሚ ጭመቁበት። አጠገቡ ቅርንፉድ ያለው ሻይ ይኑር። ለጾም፣ ወይም ሥጋችሁን የማይበላ ጎረቤት ለሚጋበዝበት ቀን ምስር ሙሉ። ደሴ ላይ ምስሩ ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል፤ ሳይፈርስ አውጡትና ውሃውን በደንብ አጥልሉት። የተረፈውን ሳምቡሳ በማግስቱ በደረቅ ምጣድ፣ በትንሽ እሳት አሙቁት።