የእንስሳ ማህፀን ምን ያህል ይለጠጣል? በቀላል ዕቃ እንዴት እንደሚለካ

የበግ ማህፀን ባዶውን ሲሆን መዳፍ ላይ ይቀመጣል። እርግዝናው ወደ አምስት ወር ሲጠጋ ግን መንታ ግልገል ከነሽርት ውሃቸው ችሎ ይገኛል። ከወለደች በኋላ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ መለጠጥ ብቻ አይደለም፤ ሥጋው ራሱም ያድጋል። የማደጉን ነገር ለጊዜው እንተወው። እዚህ የምንለካው አንድ ነገር ነው፦ ስንስበው ምን ያህል ይረዝማል፣ ምን ያህልስ ይታገለናል?

ላብራቶሪ ውስጥ ይህን የሚሠራ ማሽን አለ። ማሽኑ ከሌላችሁ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሁለት ጠንካራ የወረቀት ክሊፕ፣ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ)፣ ትልቅ ስሪንጅ፣ ትንሽ ሚዛንና የስልክ ካሜራ ይበቃል። መርሁ ያው ነው።

ከምንም በፊት ራሳችሁን ጠብቁ

ይህን ክፍል እንዳትዘሉት። የብሩሴሎሲስና የኪው ትኩሳት ተህዋስያን ማህፀንና እንግዴ ልጅ ውስጥ መራባት ይወዳሉ። ሁለቱም ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ስለዚህ ማህፀኑን ከቄራ፣ አስፈቅዳችሁ፣ በእንስሳት ሐኪም ከተመረመረች እንስሳ ውሰዱ። ያላረገዘች ትሁን። ያስወረደች፣ በቅርቡ የወለደች ወይም ሞታ የተገኘች እንስሳ ማህፀን በጭራሽ አትንኩ። ነፍሰ ጡር ሴት አጠገቡ አትድረስ። ጓንት፣ መነጽርና ማስክ ግድ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ አይሠራም፤ ቢላውም የወጥ ቤቱ አይሁን።

1. ሳይደርቅ አምጡት

በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 9 ግራም ጨው አሟሙታችሁ ማህፀኑን እዚያ ውስጥ ንከሩት። ተራ ውሃ ሥጋውን ያሳብጠዋል። በቀዝቃዛ ዕቃ አጓጉዙት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት፣ ግን በረዶ አታድርጉት። የበረዶው ቅንጣት ሥጋውን ከውስጥ ይቀዳድደዋል። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ብትለኩት ጥሩ ነው። የጨው ውሃው ሌላም ጥቅም አለው፤ ካልሲየም ስለሌለው ጡንቻው በራሱ እየተኮማተረ አያስቸግራችሁም።

2. በሁለት አቅጣጫ ቁረጡ

የላምም የበግም ማህፀን ሁለት ቀንድ፣ ማለትም እንደ ቀንድ የጎበጡ ሁለት ቱቦዎች አሉት። አንዱን ቀንድ በመቀስ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ እንደ ጨርቅ ዘርጉት። የውጪው የጡንቻ ንብርብር በቀንዱ ርዝመት ይሄዳል፣ የውስጠኛው ዙሪያውን ይጠመጠማል። ስለዚህ አንድ ቅዳጅ በርዝመት፣ አንድ ደግሞ በዙሪያ ያስፈልጋችኋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጡኛል ብላችሁ አትጠብቁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ምልክት አድርጉ፤ ከተቆረጡ በኋላ በዓይን አይለዩም።

ወርዱ እኩል እንዲሆን ሁለት ምላጭ በ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ከእንጨት ቁራጭ ጋር አጣብቁና በአንድ ጊዜ ተጭናችሁ ቁረጡ። በእጅ የተቆረጠ ቅዳጅ አንድ ቦታ ይቀጥናል፣ የሚበጠሰውም እዚያው ነው። የላምን ማህፀን የያዛችሁ ደግሞ ውስጡ ላይ እንደ ቁልፍ ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች ታያላችሁ። ፅንስ ሲኖር እንግዴ ልጁ የሚያያዝባቸው ናቸው። ቅዳጃችሁ እነሱን አይንካ።

3. ውፍረቱን ለኩ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ስሌቱ ሁሉ የሚቆመው በዚህች ቁጥር ላይ ነው። 3 ሚሊ ሜትሩን 2 ብላችሁ ከጻፋችሁ ውጤታችሁ በግማሽ ይጨምራል። ችግሩ ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ካሊፐሩን ጠበቅ ስታደርጉት ይጨፈለቃል። ቅዳጁን በሁለት ቀጭን የመስታወት ቁራጮች መሃል አስቀምጡ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ለኩ፣ ከዚያ የመስታወቱን ውፍረት ቀንሱ። ሦስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

4. ስቀሉት

የቅዳጁን ሁለት ጫፍ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሉበትና በክሊፕ ያዙት። የላዩን ክሊፕ ከማይነቃነቅ ብረት ላይ ስቀሉ፣ ከታችኛው ላይ ጠርሙሱን አንጠልጥሉ።

አሁን የኔን ስህተት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስሞክር ርዝመቱን የለካሁት ከክሊፕ እስከ ክሊፕ ነበር። ክብደት በጨመርኩ ቁጥር ሲረዝም እያየሁ ደስ ብሎኝ እጽፋለሁ። ለካ ሥጋው ከክሊፑ እየሾለከ ኖሯል። ግማሹን ገጽ ሰረዝኩት። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መሃሉ ላይ በማርከር ሁለት ነጥብ በ20 ሚሊ ሜትር ርቀት አድርጉ። ከጎኑ ማስመሪያ አቁሙና ፎቶ አንሱ። የምትለኩት የነጥቦቹን ርቀት ብቻ ነው። ክሊፑ የፈለገውን ቢሆን ግድ የለም።

ባዶው ጠርሙስና የታችኛው ክሊፕም ክብደት አላቸው። መዝኗቸውና ደምሩ። እነሱ ተሰቅለው ያለውን ርዝመት መነሻ አድርጉት፤ ምንም ሳይንጠለጠልበት ሥጋው ተጣጥፎ ስለሚቆም ልኩ አይታወቅም።

5. አለማምዱት

ወደ ቁጥሩ አትሩጡ። ጠርሙሱ ውስጥ 100 ግራም ውሃ ጨምሩ፣ መልሳችሁ አውጡ፣ ጨምሩ፣ አውጡ። ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ። የመጀመሪያው ዙር ከሁለተኛው ይለያል፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው። እያደር ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣል። ሥጋ ከብረት የሚለየው እዚህ ጋ ነው፤ ቀደም ሲል የደረሰበትን ያስታውሳል። ልምምዱን የዘለለ ሰው ሁለት ጊዜ ለክቶ አንድ ዓይነት መልስ አያገኝም።

በየመሃሉ የጨው ውሃ ጠብ አድርጉበት። አንዴ ስልክ ሳነሳ ረስቼው ጠርዙ እንደ ቆዳ ደርቆ ጠበቀኝ።

6. ጫኑና አስሉ

በስሪንጅ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ፤ 50 ግራም ማለት ነው። ሰላሳ ሰከንድ ጠብቁ፣ ፎቶ አንሱ፣ ድገሙ። የጥበቃው ጊዜ ሁልጊዜ እኩል ይሁን።

ለማሳያ ያህል ቅዳጁ ወርዱ 10፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 30 ካሬ ሚሊ ሜትር ሆነ። ጠቅላላ ክብደቱ 300 ግራም ሲደርስ ኃይሉ 2.94 ኒውተን ነው። ለ30 ሲካፈል 0.098 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህ 98 ኪሎፓስካል ነው (ኪሎፓስካል ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚለካበት አሃድ ነው)። ነጥቦቹ ከ20 ወደ 26 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ ደግሞ መለጠጡ 30 በመቶ ነው።

አሁን ነጥብ በነጥብ ግራፍ ሥሩ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ በ1678 እንዳሳተመው ሕግ ከሆነ ጭነት በእጥፍ ሲጨምር መርዘሙም በእጥፍ ይሄዳል። ማህፀን ግን ለዚህ ሕግ አይገዛም። በምሳሌያችን ጠቅላላው 100 ግራም እስኪደርስ 3.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ከ200 ወደ 300 ሲሄድ ግን 0.8 ብቻ። ምክንያቱ ኮላጅን የሚባለው ጠንካራ የሥጋ ክር ነው። የኮላጅን ክሮች ሲያርፉ ጠመዝማዛ ናቸው። መጀመሪያ የምትስቡት መዘርጋታቸውን ነው፤ ቀጥ ካሉ በኋላ ግን ክሩን ራሱን ነው የምትስቡት፣ እሱ ደግሞ እሺ አይልም። ስለዚህ «ጥንካሬው ይህን ያህል ነው» ብሎ አንድ ቁጥር መጻፍ ያሳስታል። የቱ ክብደት ላይ እንደሆነ ጨምሩበት። በምሳሌያችን በመጨረሻው ክፍል የተጨመረው 100 ግራም ወደ 33 ኪሎፓስካል ነው፤ የተጨመረው 0.8 ሚሊ ሜትር ደግሞ ለ20 ሲካፈል 0.04 ነው። 33ቱን ለ0.04 ስናካፍል ወደ 820 ኪሎፓስካል ይጠጋል።

ጊዜ ካላችሁ 200 ግራም እንደተንጠለጠለ 20 ደቂቃ ተዉት፣ በየሁለት ደቂቃው ፎቶ አንሱ። ክብደቱ ሳይጨምር ነጥቦቹ ቀስ እያሉ ሲራራቁ ታያላችሁ። ለኔ ከሙከራው ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

የማህፀን አንገትን መለካት ከፈለጋችሁ ቅዳጅ አታውጡ። ኮላጅን የበዛበት ድርቅ ያለ ሥጋ ስለሆነ ክሊፕ አይዘውም። እንደ ቀለበት ቁረጡትና ሁለት የብረት ዘንግ አስገብታችሁ ሳቡት፤ ስታሰሉ ቀለበቱ ሁለት ጎን እንዳለው አትርሱ፣ ስፋቱ በሁለት ይባዛል። ይህ ድርቅ ያለ አካል መውለጃው ሲደርስ የሚለሰልሰው በሆርሞን ትእዛዝ ነው። ከሆርሞኖቹ አንዱን፣ ሪላክሲንን፣ አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሬድሪክ ሂሶው በ1926 ያገኘው የጊኒ ፒግ የዳሌ ጅማት ሲላላ አይቶ ነው። ላም ያረባ ሰው ይህን በዓይኑ ያውቀዋል፤ ጭራዋ ሥር ያለው ጅማት ሲላላ ቀኗ ደርሷል ይላል።

ስትጨርሱ ሥጋውን በላስቲክ ቋጥራችሁ ቄራው ቆሻሻውን ወደሚያስወግድበት መልሱት። ለውሻ አትስጡ። ዕቃውን መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ በረኪና ውስጥ ንከሩት፤ ደምና ሥጋ የቀረበት ዕቃ ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ምላጮቹን በወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከድናችሁ ጣሉ። ጓንቱን የምታወልቁት መጨረሻ ላይ ነው።