ጡረታ ዕድሜ አልፎም አሜሪካ የሚሠሩ ወላጆቻችንን ስናግዝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አባዬ 68 ሞልቶታል፣ ዲሲ መሃል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነው። እኔና እህቴ እናግዘዋለን ብለን ያበላሸነው ነገር አለ፣ አንዳንዱን ደግሞ ጎረቤት ላይ ነው ያየሁት። እናንተም ቤት አይጠፋም ብዬ ነው የምጽፈው።

"በቃ አሁን እረፍ" ማለት

እኛ በፍቅር ነው ያልነው፣ እሱ ግን ሁለት ቀን ዘጋን። በኋላ እማዬ ስትነግረን ለካ እዛ ፓርኪንግ እሱን የሚያክሉ ሦስት አበሾች አሉ፣ ምሳ ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት፣ ቤት ቢውል እኮ እኛ ከሥራ እስክንመለስ የሚያናግረው ሰው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። ቀን ይቀነስልህ? የማታ ሺፍት ይቅርብህ? ወይስ እንዳለ ይሻልሃል?

በካሽ ሥራ ማስገባት

እዚህ ላይ በጣም ነው የማዝነው። ጎረቤታችን የነበሩ እናት በ57 ዓመታቸው መጡ፣ ከዛ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ሕፃን ሲጠብቁ ኖሩ፣ ክፍያው በእጅ፣ ታክስ የለም፣ ሁላችንም "ተገላገሉ" አልን። 65 ሲሞላቸው ግን ሶሻል ሴኩሪቲ ላይ (የጡረታ ክፍያውን የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው) አንድም ክሬዲት፣ ማለት ታክስ እየተከፈለበት በመሥራት የሚያዝ ነጥብ፣ አልተመዘገበላቸውም። የጡረታ ክፍያና ነፃ የሜዲኬር ፓርት ኤ (ሜዲኬር ከ65 ዓመት ጀምሮ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ነው፣ ፓርት ኤ የሆስፒታሉ ክፍል) ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፣ በዓመት ከ4 በላይ አይያዝም፣ ማለት ቢያንስ 10 ዓመት ነው። የባል ወይ የሚስት ክሬዲት ከሌለ ፓርት ኤን መግዛት ነው፣ ዋጋው በፈረንጆቹ 2025 በወር እስከ 518 ዶላር ነበር። የሚያበሳጨው ደግሞ በዛው ዓመት አራቱንም ክሬዲት ለማግኘት ታክስ የተከፈለበት 7,240 ዶላር ገቢ ይበቃ ነበር! በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራ ሰው ይደርስበታል። ታክሱም ቢሆን ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከደሞዝ የሚቆረጠው 7.65 ፐርሰንት ነው፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምርበታል፣ በካሽ ሲሆን ያ ሁሉ ቀረ ማለት ነው።

ኡበር የሚነዱትም ይጠንቀቁ። ታክስ ሲሠራ ማይሉንም ቤንዚኑንም ቀናንሰው ትርፉን ዜሮ አካባቢ ሲያደርሱት ክሬዲቱም አብሮ ይጠፋል፣ ምክንያቱም የሚቆጠረው ከወጪ በኋላ የቀረው ነው።

62 ሲሞላ የጡረታ ክፍያውን ቶሎ ማስጀመር

"የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ለምን ይቀራል" ይባላል። በ1960 እና ከዛ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉ የጡረታ ዕድሜው 67 ነው፣ በ62 ከጀመረ ወርሃዊ ክፍያው 30 ፐርሰንት ይቀንሳል። ጎን ለጎን እየሠራ ከሆነ ደግሞ ገደብ አለ፣ በ2025 በዓመት ከ23,400 ዶላር በላይ ለሚያገኘው ለእያንዳንዱ 2 ዶላር ከጡረታ ክፍያው 1 ዶላር ይያዝበት ነበር። የተያዘው በኋላ ሲሰላ ይታሰብለታል፣ ግን ለወር ወጪው የተማመነበት ሰው ይደነግጣል። ሙሉ ዕድሜው ላይ ከደረሰ በኋላ ገደቡ የለም፣ ክፍያውን ሳያስጀምር ቢቆይ ደግሞ እስከ 70 ድረስ በየዓመቱ 8 ፐርሰንት ይጨምራል።

"የሥራ ኢንሹራንስ ስላለው ሜዲኬር ይቆይ" ብሎ መርሳት

መቆየት ይቻላል፣ ግን መሥሪያ ቤቱ 20 ወይም ከዛ በላይ ሠራተኛ ካለው ነው። ትንሽ ሬስቶራንት ወይ ሱቅ ከሆነ 65 ላይ ሜዲኬር ነው መጀመሪያ ከፋይ የሚሆነው፣ ካልተመዘገቡ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ሥራ ሲያቆሙ ፓርት ቢ (የሐኪም ቤት ሕክምናውን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) ለመመዝገብ 8 ወር አላቸው፣ ኮብራ ገዝተው፣ ማለት የድሮ ሥራቸውን ኢንሹራንስ ራሳቸው እየከፈሉ ቢቆዩም ያ 8 ወር አይራዘምም። ካለፈ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 ፐርሰንት ቅጣት አለ፣ ሜዲኬር እስካላቸው ድረስ የሚከፈል።

በነሱ ፋንታ ሁሉን መሥራት

የአባዬ የሥራ ቦታ የሺፍት ፕሮግራሙን ወደ ስልክ አፕ ቀየረው። እኔ ፓስወርዱን ስልኬ ላይ አድርጌ ሺፍቱን በቴክስት እልክለት ነበር፣ አንድ ቀን ስብሰባ ገብቼ ረሳሁ፣ እሱ ቤት ቁጭ ብሎ እንደቀረ ተጻፈበት። ከዛ አንድ እሁድ ጠዋት ቡና ላይ አብረን ተቀመጥን፣ ፊደሉን አተለቅኩለት፣ የሚነካቸውን ሦስት ቦታዎች ራሱ በአማርኛ ወረቀት ላይ ጻፋቸው፣ ወረቀቱን ስልኩ ጀርባ ከፕላስቲኩ ስር ከተተው። ከዛ ወዲህ አልጠየቀኝም።

ሲገፉ ዝም ማለት

ማናጀሩ "መቼ ነው የምታርፈው" እያለ ሰዓት ከቀነሰ ቀኑንና ቃሉን መጻፍ ነው። 20 እና ከዛ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት 40 ዓመት የሞላውን ሰው በዕድሜው ምክንያት ማባረር አይችልም፣ ሕጉ ከ1967 ጀምሮ አለ። ኢኢኦሲ (EEOC) ለሚባለው በሥራ ላይ የሚደርስ አድልዎን ለሚመለከት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማመልከቻ የሚገባው በ180 ቀን ውስጥ ነው፣ በብዙ ስቴት 300 ይሆናል።

ራሳችን አስተርጓሚ መሆን

ሶሻል ሴኩሪቲ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፣ ሲደወል አማርኛ ማለት ብቻ ነው። እኔ ሳስተረጉም የመሰለኝን ነበር የምጠይቅለት። በአስተርጓሚ ሲያወራ ግን አባዬ እኔ ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቀ፣ "እኔ ብሞት ለባለቤቴ ምን ይደርሳታል?" "ከሁለታችሁ ክፍያ ከፍ ያለው ነው የሚቀርላቸው፣ እርስዎ ቆይተው ከጀመሩ የሳቸውም ከፍ ይላል" አሉት። ስልኩን ዘጋና "በል እስከ 70 እሠራለሁ" አለኝ።