የቤት አይጥን ሳይጎዱ አጥምዶ መልቀቅ

ቤት ውስጥ የገባችን አይጥ ሳይገድሉ ማስወጣት ይቻላል፤ ሥራው ግን ወጥመድ ገዝቶ ጥግ ላይ ከማስቀመጥ ይሰፋል። በሕይወት የሚይዝ ወጥመድ ርኅራኄ የሚኖረው ያጠመደው ሰው ሳይረሳ የሚከታተለው ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሙሉ የተረሳ ወጥመድ ውስጥ የገባች አይጥ በብርድ፣ በረኃብና በድንጋጤ ቀስ በቀስ ልትሞት ትችላለች፤ ይህም በሞላ (በስፕሪንግ) ኃይል በአንድ ምት ከሚገድለው ወጥመድ የከፋ አሟሟት ነው። ስለዚህ ይህን ዘዴ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፣ ማታና ጠዋት ሳያሰልስ ወጥመዱን የማይበት ጊዜ አለኝ ወይ ብሎ ነው። ከቤት ርቆ በሚያድርባቸው ቀናት ጨርሶ ባያጠምድ ይሻላል።

ሌሎቹ አማራጮች ሲታዩ ይህ ድካም የሚገባ መሆኑ ይገለጣል። ሙጫ የተቀባ ሰሌዳ አይጧን ቆዳዋና እግሯ እንደተጣበቀ ለረጅም ሰዓታት ያሠቃያታል። በብዛት ጥቅም ላይ የሚውሉት የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ በመሆናቸው ሞቱ የሚመጣው ከቀናት የውስጥ መድማት በኋላ ነው፤ የተመረዘችውን አይጥ የበላ ድመት ወይም ጉጉትም አብሮ ሊመረዝ ይችላል።

ወጥመዱ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው የአይጧ ጠባይ ነው። ያደገች የቤት አይጥ ከ12 እስከ 30 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ስለሚከተል እርሳስ በሚያሳልፍ፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ክፍተት መግባት ትችላለች። በአብዛኛው የምትንቀሳቀሰው ሌሊት ነው፤ እይታዋ ደካማ ስለሆነ ክፍሉን መሐል ለመሐል ከማቋረጥ ይልቅ በጢሟና በጎኗ ጠጉር ግድግዳውን እየዳሰሰች በጥጉ በኩል ትሄዳለች። ምግብና መሸሸጊያ እስካገኘች ድረስም ከጎጆዋ ከጥቂት ሜትሮች በላይ አትርቅም። ትልቁ አይጠ መጎጥ አዲስ ዕቃ ሲያይ ለቀናት ይሸሻል፤ የቤት አይጥ ግን ቀርባ ታሸታለች፣ ትመረምራለችም። በትክክለኛ ቦታ የተቀመጠ ወጥመድ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ውጤት የሚያሳየው ለዚህ ነው፤ ለተከታታይ ሌሊቶች ባዶውን ያደረ ወጥመድ ካለ ቦታው ይቀየር።

መንገዷን ለማወቅ በመጀመሪያ በጠጧን መፈለግ ይበጃል። የቤት አይጥ በጠጥ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ርዝመቱም ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ነው፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ በጠጥ ከተገኘ እንግዳው አይጠ መጎጥ ሊሆን ስለሚችል ለትንሽ አይጥ የተሠራ ወጥመድ አይበቃውም። በጠጡ ተከማችቶ የሚገኝበት፣ የተቀረጠፈ ወረቀት ወይም ጨርቅ የሚታይበት፣ በግድግዳው ሥር ቅባት መሰል ጥቁር እድፍ የተለጠፈበት ቦታ መተላለፊያዋ ነው። ምልክቱ አጠራጣሪ ከሆነ ማታ በግድግዳው ጥግ ላይ ስስ ዱቄት ነስንሶ ጠዋት በእጅ ባትሪ ቢመለከቱት ኮቴዋ ይታያል፤ አቅጣጫውም ከየት መጥታ ወዴት እንደምትሄድ ይነግራል።

በሕይወት የሚይዙ ወጥመዶች በአሠራራቸው ይለያያሉ። ቀላሉ አንዲት አይጥ ብቻ የሚይዝ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ አይጧ ወደ ውስጠኛው ጫፍ ስትደርስ በክብደቷ ቱቦው ያዘነብልና መዝጊያው ከኋላዋ ይወድቃል። ሌላው የሽቦ ወይም የቆርቆሮ ሣጥን ሲሆን አይጧ በውስጡ ያለውን ሰሌዳ ስትረግጥ በሞላ የተወጠረው በር ይዘጋል። ብዙ አይጦችን ተራ በተራ የሚያስገባ ትልቅ ሣጥንም አለ። ይህ የመጨረሻው አመቺ ቢመስልም ጥንቃቄ ይሻል፤ የማይተዋወቁ ወንድ አይጦች በጠባብ ቦታ ሲገናኙ እርስ በርስ ክፉኛ ይነካከሳሉ። ስለዚህ ከአንድ ትልቅ ሣጥን ይልቅ ብዙ ትንንሽ ወጥመዶች ይመረጣሉ። የትኛውም ዓይነት ቢሆን አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው፣ ጠርዙ የማይቆርጥ፣ በሩም ጭራዋን እንዳይቀረጥፍ ከወደቀበት ወዲያ የአይጧ አካል ሙሉ በሙሉ ሊያርፍበት የሚችል ርዝመት ያለው መሆን አለበት።

ወጥመዱን ከማስቀመጥ በፊት መሞከር የግድ ነው። አሥር ግራም ገደማ የሚመዝን ነገር፣ ለምሳሌ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲሞች፣ አይጧ በምትረግጠው ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ በሩ መዘጋት ይኖርበታል። በዚህ ክብደት የማይዘጋ ወጥመድ ወጣት አይጦችን እየመገበ ይሸኛል እንጂ አይይዝም። ከዚያ በኋላ በሩ ከውስጥ በጣት ሲገፋ የማይከፈት መሆኑ ይረጋገጥ።

ለማባበያ አይብ የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው፤ አይጧ ግን ከአይብ ይልቅ ዘርና ጣፋጭ ነገር ትወዳለች። የለውዝ ቅቤ ሽታው ስለሚስባትና በቀላሉ ጎትታ ስለማትወስደው ከሁሉ ይሻላል፤ የሱፍ ፍሬ፣ አጃ ወይም ትንሽ ቸኮሌትም ይሆናል። መጠኑ የአተር ፍሬ ቢያህል ይበቃል፤ ብዙ የለውዝ ቅቤ ጠጉሯ ላይ ተለጥፎ ያጨቀያታል። ከማባበያው በተጨማሪ ሌሊቱን የምታድርበትን ማሰብ ያስፈልጋል። ትንሽ አካሏ ሙቀትን ቶሎ ያጣል፤ ሽንቷ ያራሰው ጠጉር ደግሞ ብርዱን ያባብሰዋል። በወጥመዱ ጀርባ እፍኝ የማይሞላ ደረቅ ድርቆሽ ወይም የተቀደደ ለስላሳ ወረቀት፣ ጥቂት ዘር፣ እንዲሁም ለጥማት አንዲት ቁራጭ ፖም ወይም ኪያር ማስገባት ነፍሷን ሊያተርፍ ይችላል። በዕቃ ውሃ ማስቀመጥ አይገባም፤ ይደፋና ያረጥባታል። የሚገባው ነገር ሁሉ የወጥመዱን አሠራር እንዳያደናቅፍ ዳግመኛ ይሞከር።

ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ፣ አፉም አይጧ በምትመጣበት አቅጣጫ ሆኖ ይቀመጣል፤ ግድግዳውን ተከትላ ስትሮጥ በቀጥታ ትገባበታለች። ከማብሰያ ምድጃ ጀርባ፣ ከማቀዝቀዣ ሥር፣ ከዕቃ ማጠቢያ በታች ያሉ ጨለማ ቦታዎች ተስማሚ ናቸው፤ ነገር ግን ከሚሞቅ ዕቃ አካል፣ ፀሐይ ከሚያርፍበት ወለልና ከቀዝቃዛ ድንጋይ መራቅ አለበት። ወለሉ ከቀዘቀዘ ከሥሩ ወፍራም ካርቶን ይነጠፍ። አንድ ወጥመድ ብቻ ማስቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው፤ ምልክት በታየበት ሁሉ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ባለ ርቀት ሦስት ወይም አራት ማኖር ይሻላል። በዚያው ሳምንት ሌላው ምግብ ሁሉ በብርጭቆ ወይም በብረት ዕቃ ይከደን፤ ፍርፋሪ ይጠረግ፤ የቤት እንስሳት ምግብም ሌሊት ይነሣ። ጠግባ የምታድር አይጥ ለማባበያው አትቸኩልም።

ማታ የተጠመደ ወጥመድ ከመኝታ በፊት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት እንደተነሡ ደግሞ ወዲያውኑ ይታይ። በየጥቂት ሰዓቱ ማየት የሚችል ሰው እንዲያ ቢያደርግ መልካም ነው፤ ሳይታይ ግን ከ12 ሰዓታት በላይ ፈጽሞ ሊቆይ አይገባም። ቀን ቀን ሊከታተለው የማይችል ሰው በሩን ዘግቶ ወይም ማጥመጃውን ፈትቶ መሄድ ይኖርበታል። ወጥመዶቹ በዝተው እንዳይረሱ ያሉበትን ቦታ በወረቀት ጽፎ በር ላይ መለጠፍ ቀላልና አስተማማኝ ዘዴ ነው።

አይጥ ተይዛ ሲገኝ ወጥመዱን በጨርቅ መሸፈን ያረጋጋታል። አያንቀጥቅጡት፤ ልጆችና የቤት እንስሳትም እንዳይቀርቡ ያድርጉ። የተደናገጠች አይጥ ስለምትናከስ፣ ጭራዋን ይዞ ማንሣትም ሊጎዳት ስለሚችል በእጅ መንካት አያስፈልግም፤ ወጥመዱን ለመያዝም ጓንት ይደረግ።

ከመልቀቅ በፊት ግን ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ጉዳይ አለ። የተያዘችው የምታጠባ እናት ልትሆን ትችላለች። አይጥ የምታረግዘው ለ19 እስከ 21 ቀናት ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ግልገሎች ትወልዳለች፤ ግልገሎቹ ዓይናቸው ሳይገለጥና ጠጉር ሳያወጡ ተወልደው ሦስት ሳምንት ያህል ይጠባሉ። እናቲቱ ርቃ ከተወሰደች በጎጆው ውስጥ በረኃብ ያልቃሉ። በሽቦው ወይም በግልጹ ፕላስቲክ በኩል በባትሪ ሆዷን ሲመለከቱ የጡቶቿ ጫፎች ጎልተው፣ በዙሪያቸው ያለው ጠጉርም ተመልጦ ከታየ እያጠባች ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በአቅራቢያው ያሉ መሳቢያዎችን፣ የጨርቅና የወረቀት ክምሮችን ፈትሾ ጎጆውን መፈለግ ይገባል። ከተገኘ ጎጆውን ሳይበትኑ በጓንት አንሥቶ ከእናቲቱ ጋር በአንድ ሣጥን ማኖርና አብረው እንዲወጡ ማድረግ ይቻላል። ካልተገኘ ግን እኔ የምመክረው ያው ከተያዘችበት ቦታ መልቀቅንና ማጥመዱን ለሦስት ሳምንት ያህል ማዘግየትን ነው። ቤት ውስጥ አይጥ እያዩ መታገሥ ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ቢሆንም ሳትጎዳ ትውጣ ብሎ የጀመረ ሰው ግልገሎቿንም ሊያስብ ይገባዋል።

የሚለቀቁበትን ቦታ በተመለከተ በመጀመሪያ የአካባቢውን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የተያዘ እንስሳ በሌላ ሰው ይዞታ ወይም በሕዝብ መሬት ላይ መልቀቅን የሚከለክሉ ቦታዎች አሉ። ክልከላው ያለምክንያት አይደለም። በደቡብ አትላንቲክ በምትገኘው ጎፍ ደሴት ሰዎች በመርከብ ያደረሷቸው የቤት አይጦች የባሕር ወፎችን ጫጩቶች እየበሉ ከፍተኛ ጉዳት አድርሰዋል። ስለዚህ ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ፣ የሰው ማሳ ወይም የጎረቤት ግቢ መልቀቂያ አይሆንም።

ርቀቱ ብዙ ያከራክራል። ከበሩ ደጃፍ የተለቀቀች አይጥ የገባችበት ቀዳዳ ክፍት ከሆነ ሳትውል ሳታድር ትመለሳለች፤ እጅግ ርቃ የተወሰደች ደግሞ ምግቡንም መደበቂያውንም በማታውቀው፣ ሌሎች አይጦች በያዙት ቦታ ላይ ስለምትጣል መትረፍ ይከብዳታል። በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ ቀዳዳውን አስቀድሞ ደፍኖ ከቤቱ መቶ ሜትር ገደማ በራቀ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ወይም የእንጨት ክምር ባለበት ቦታ መልቀቅ ነው። ቀዳዳው ካልተደፈነ ርቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን በወጣችው ምትክ ሌላ ትገባለች። ሆዷ ነጭ፣ ዓይኖቿና ጆሮዎቿም ተለቅ ያሉ ከሆነ ምናልባት ከሜዳ የመጣች ሌላ ዝርያ ስለምትሆን በደጅ የመኖር ዕድሏ ከቤት አይጥ የተሻለ ነው።

ለመልቀቅ የሚመቸው ሰዓት ምሽት ሊሆን ሲል ነው፤ ጨለማው ከአዳኝ ይሰውራታል። ወጥመዱን አፉን ወደ ቁጥቋጦው አድርጎ መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ በሩን ከፍቶ ወደ ኋላ ማለትና በራሷ ጊዜ እስክትወጣ መጠበቅ ነው፤ ማራገፍ ወይም መምታት አያስፈልግም። ከወጥመዱ የተረፈውን ዘርና ድርቆሽ እዚያው አጠገቧ መተው ለመጀመሪያው ሌሊት ይረዳታል። ዝናብ ከሆነ ወይም ብርዱ ከበረታ ግን ማሳደር ይሻላል፤ ግድግዳው ለስላሳና ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ተፈልጎ አየር የሚያስገባ ክዳን፣ ብዙ ድርቆሽ፣ ዘርና ቁራጭ ፍራፍሬ ተደርጎበት በጨለማና ጸጥ ባለ ክፍል ይቀመጥ።

ቀዳዳ መድፈን ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ነው። የውሃና የኤሌክትሪክ መስመሮች ግድግዳ የሚበሱባቸው ቦታዎች፣ ከበር ሥር ያለው ክፍተት፣ የአየር ማስገቢያዎችና የወለሉ ጠርዝ በባትሪ እየተፈተሹ እርሳስ የሚያሳልፈው ሁሉ ይዘጋ። የሚነፋ ፎም ብቻውን አይጠቅምም፤ በቀላሉ ትቀረጥፈዋለች። የዕቃ መፈተጊያ ሽቦ በቀዳዳው ውስጥ አጥብቆ ጠቅጥቆ በላዩ ሲሚንቶ መምረግ ይጸናል፤ አየር ማለፍ በሚኖርበት ቦታ ደግሞ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር የማይሰፋ የብረት ወንፊት ይመታ። የትኛው ቀዳዳ በሥራ ላይ እንዳለ ለመለየት በቀላሉ የተጨማደደ ወረቀት ወትፎ ማሳደር በቂ ነው፤ ጠዋት ወድቆ ከተገኘ መግቢያዋ እሱ ነው። ከውጭ የሚያስገቡት ተደፍነው በውስጥ ማጥመዱ ይቀጥል፤ አንዲት አይጥ ብቻ ተይዛ ጉዳዩ አለቀ ማለት እምብዛም አይቻልም።

የነበሩበትን ቦታ ሲያጸዱ ደረቁን በጠጥ መጥረግ አደገኛ ነው፤ አቧራው ሲነሣ ጀርም ይዞ ወደ ሳንባ ይገባል። በርና መስኮት ለ30 ደቂቃ ተከፍቶ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ጓንት አድርጎ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ የተበረዘበትን ፈሳሽ ማርከፍከፍ፣ አምስት ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም በወረቀት ጠርጎ በከረጢት ቋጥሮ መጣል ይገባል። በረኪናው ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አይቀላቀል። የቤት አይጥ የምታስተላልፈው አንድ ቫይረስ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው። ወጥመዶቹም በዚያው ፈሳሽ ታጥበው ሽታው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቁ።

ከመጨረሻዋ አይጥ በኋላ ወጥመዶቹን ለአንድ ሳምንት ያህል ማጥመድና በየማታው ዱቄት መነስነስ ይቀጥል፤ ኮቴም አዲስ በጠጥም ካልታየ ማንሣት ይቻላል። ሲቀመጡም ማባበያቸው ወጥቶ፣ በራቸው በገመድ ታስሮ ይሁን፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጠምዶ የተረሳ ወጥመድ ማንም በማያይበት ጊዜ ሊይዝ ይችላል።